ከዘጠኝ እስከ አስር ተኩል

እሑድ፣ ሰኔ 6

«ልጄ በመጣ ቀን ቤቱ አንድም ጊዜ አስቸግሮኝ አያውቅም።»

እማዬ ናት፤ በር ላይ ቆማ ለተከራይዋ ለጡረተኛዋ ነርስ ስትናገር። እኔ ኮሪደሩ ላይ የብሬከር ሣጥኑን ከፍቼ ነበርና ሰማሁ። በሃያ ስድስት ዓመት የኤሌክትሪክ ሥራዬ ከዚህ የተሻለ የምስክር ወረቀት አግኝቼ አላውቅም። በቀይ ቀለም ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ቀይ እስክሪብቶ የለኝም።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ላስፍረው፤ በኋላ እንዳልክደው። እማዬ ዳሌዋን ከተሰበረች ወዲህ እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ «እኔ ጋ ትምጣ» ትላለች። እማዬ «ከቤቴ አልወጣም» ትላለች። እኔ መሃል ገብቼ «ቤቱ ራሱ ይጠብቃታል» አልኩ። አፍ አያርፍ። ስለዚህ አልጋዋ አጠገብ መጥሪያ፣ ከኮሪደሩ ማዶ ነርሷ ክፍል ውስጥ ደወል፣ ስትነሳም ስትገባም የሚበራ መብራት፣ የተረሳ ምድጃ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠምኩ። አዲስ ገመድ አልዘረጋሁም። ግድግዳውን አባዬ ነው በእጁ የለሰነው፤ «አንድ ሚስማር ብትመታበት እኔን እንደመታህ ቁጠረው» ብላኛለች። መልእክቱ የሚሄደው መብራቱ በሚሄድበት በዚያው በአሮጌ ሽቦ ላይ ነው። በገበያ መሃል ሹክ እንደማለት ነው፤ ገበያው ካልጮኸ ይሰማል።

ኮሪደሩ ላይ ከብሬከር ሣጥኑ ያንጠለጠልኩት ትንሽ ሣጥን፣ እኛ ዘበኛው የምንለው፣ በየሩብ ሰዓቱ መጥሪያውን «አለህ?» ይለዋል። መጥሪያው «አለሁ» ይላል። ካላለ ዘበኛው መዝግቦ ማታ ወደ ስልኬ ይልካል። ከብዙ ሰው የተሻለ ጸባይ ነው።

ሌላ፦ ባለፈው ሐሙስ ደውዬላት ገና በሦስተኛው ደቂቃ ባትሪዋ አልቆ ተቋረጠ። ዛሬ ከቦርሳዬ ትርፍ ቻርጀር አውጥቼ ሰጠኋት። «ከነገ ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ ሰክተሽ ጠብቂኝ። እሑድ እሑድ በአካል እመጣለሁ» አልኳት።

«ሥራ አለብህ፤ አትቸገር።»

«ምን ችግር አለው?» አልኩ።


ማክሰኞ፣ ሰኔ 8

ዘበኛው ላከ። ትናንት ከዘጠኝ እስከ አስር ተኩል መጥሪያው የለም። ዛሬም ከዘጠኝ እስከ አስር ተኩል የለም። የቀረው ሰዓት ንጹሕ።

መብራት የምንዘረጋለት የክሊኒክ ሥራ አላላውስ ብሎኛል። አልደወልኩም። ነገ።


ሐሙስ፣ ሰኔ 10

ለሽርካዬ ነገርኩት። ቶሎ ስለሚቃጠል ሁሉም ሰው ፊውዝ ነው የሚለው፤ ሚስቱም ጭምር።

«ቤቱ ስንት ፌዝ ነው የሚገባው?» አለኝ፤ ከውጭ የሚገባውን የኃይል መስመር ማለቱ ነው።

«ሁለት።»

«መኝታ ቤቱ በአንዱ፣ ዘበኛው በሌላው?»

«ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል! ታዲያ ድልድይ ሳትሠራለት መልእክቱ በምን ይሻገር፣ በዋና?»

ይህን ስህተት አንድ ጀማሪ ቢሠራው ለሳምንት እስቅበት ነበር። በምሳ ሰዓት ሄጄ ሁለቱን ፌዝ የሚያገናኝ ድልድይ ብሬከር ሣጥኑ ውስጥ ገጠምኩ። ድልድይ ማጣት ለምን በዘጠኝ ሰዓት ብቻ እንደሚያስቸግር አላብራራሁም። ለራሴም አልጠየቅሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ነበርኩ። እየነዱ መደወል ደግ አይደለም።


ዓርብ፣ ሰኔ 11

ከዘጠኝ እስከ አስር ተኩል። ድልድዩ ያደረገው ነገር ቢኖር ችግሩን ለሁለቱም ፌዝ በእኩልነት ማዳረስ ነው።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 12

ስምንት ተኩል ላይ ቴስተሬን ይዤ ገባሁ፤ እስከ አስራ አንድ ሰዓት አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስቤ ጠበቅሁ። በየሩብ ሰዓቱ «አለህ?»፣ «አለሁ»። «አለህ?»፣ «አለሁ»። አንድም አልሳተም። ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርሱ የሚተው የጥርስ ሕመም አለ፤ ይህ የእሱ ወንድም ነው።

እማዬ ግን ደስ ብሏታል። አባዬ ይህን ክፍል ሲለስን አሸዋው አንሶበት ከጎረቤት ግቢ በሌሊት በባልዲ እንዳመጣ ነገረችኝ። «ሌባ ነበር እንዴ?» አልኳት። «ሌላ ቦታ አይደለም፤ ለዚህ ቤት ብቻ ነው የሰረቀው» አለች።


ሰኞ፣ ሰኔ 14

አገኘሁት መሰለኝ።

ቅዳሜ ንጹሕ፣ እሑድ ንጹሕ። ዛሬ ከዘጠኝ እስከ አስር ተኩል የለም። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ የሚዘጋ ማነው? ከቤቱ ጀርባ ያለው አናጢ። ትልቅ መላጊያ ማሽን አለው፤ ሲነሳ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ሞተር እንደዚያ ሲያጓራ ሹክሹክታ ማን ይሰማል? ወንጀለኛው ታወቀ።

በደስታ ልደውልላት አስቤ ሰዓቱን ሳየው ከምሽቱ አንድ ሆኗል። ከሰዓቱ ውጭ ብደውል ትደነግጣለች።


ረቡዕ፣ ሰኔ 16

አናጢው ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ አዳመጠኝ።

«የእኔ መላጊያ የእናትህን ደወል ዝም አሰኘ ነው የምትለው?»

«በሽቦው በኩል፤ አዎ።»

«ወንድሜ፣ እኔ እዚህ አስራ አራት ዓመቴ ነው። እናትህ አንድ ቀን ዝም ሲሉ አልሰማሁም።»

«እሳቸው ሳይሆኑ ደወሉ ነው።»

«ደወሉማ ከመጣ ወር አልሆነው። ማን ነው አዲስ መጤው?»

ክርክሩ ትክክል ነው፤ ስለዚህ ወደ ውል ገባሁ። ዓርብ ከዘጠኝ እስከ አስር ተኩል ማሽኑን ሊያጠፋልኝ ተስማማ፤ እኔም የሚዘልበትን ብሬከር ልቀይርለት።


ዓርብ፣ ሰኔ 18

ብሬከሩን ቀየርኩ። አናጢው ማሽኑን አጠፋ። አጠገቡ እንጨት ላይ ተቀምጬ ስልኬን ይዤ፣ ዘበኛው ወዲያውኑ እንዲነግረኝ አድርጌ ጠበቅሁ። ዘጠኝ ሰዓት፦ የለም። ዘጠኝ ከሩብ፦ የለም። እስከ አስር ተኩል የለም።

«እንግዲህ ነፃ ነኝ?» አለኝ።

«ነፃ ነህ።»

«ለስሜ መጥፋትስ ካሣ?»

«ብሬከሩ።»

ከእማዬ ቤት ግድግዳ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ስልክ በእጄ ይዤ ተቀምጬ ነበር። መስመሩን መያዝ ስላልፈለግሁ አልደወልኩም። ከዘበኛው የሚመጣ መልእክት እየጠበቅሁ ነበር።


ማክሰኞ፣ ሰኔ 22፣ ማታ

ወደቀች።

አልተሰበረችም። እሱን መጀመሪያ ልጻፍ። ክንዷ ጠቁሯል፣ ጉልበቷ አብጧል፣ አልተሰበረችም።

በቅደም ተከተል። ወጥ ቤት ነበረች። «ስልክ የጠራ መስሎኝ ተቻኮልኩ» ትላለች፤ በምርኩዝ። መኝታ ቤት በር ላይ ምንጣፉ ያዛት። ሲገባ የሚበራው መብራት በርቷል፤ ሠርቷል ማለት ነው። እየተሳበች አልጋው ጋ ደርሳ መጥሪያውን ተጫነች። ስንት ጊዜ ብላት «እኔ እንጃ፣ ብዙ» አለች። ሰዓቱ ለአስር ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው።

ነርሷ ማዶ ነበሩ። «ደወሉ አጠገቤ ነው ያለው፤ ሹራብ እየሠራሁ። ጭጭ ነው ያለው፣ ልጄ» አሉኝ፤ እንደ በደለኛ ሰው ዓይኔን ሳያዩ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጋዜጣ ሊመልሱ ባይገቡ ኖሮ የሚለውን አልጨርሰውም። አንድ ሰዓት ከሩብ ወለል ላይ።

ምንጣፉን ጠቅልዬ አወጣሁ። መጥሪያውን አምስት ጊዜ ተጫንኩ። አምስቱንም ጊዜ ማዶ እንደ እሳት አደጋ ጮኸ። ነርሷ ጆሮአቸውን ያዙ።

«አየህ፣ አንተ ስትኖር ይሠራል» አለች እማዬ፣ ልታጽናናኝ።

ሽቦው ነው ያጠፋው፤ ሽቦውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሌላ ነገር አይታየኝም። ዛሬም አልደወልኩም ነበር፤ ግን ብደውልስ ምን ይጠቅማት ነበር፣ ወለል ላይ ሆና?

ደግሞ የትኛው ስልክ ነው የጠራ የመሰላት? የደወለ የለም።


ረቡዕ፣ ሰኔ 23

እትዬ መጣች። ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ሳሎን መሃል ቆመች።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። የሰው ክሊኒክ ታበራለህ፣ እናትህ ወለል ላይ ናት።»

«እትዬ፣ ችግሩን ለመያዝ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

ባለሙያ ነኝና ቁጥር መስጠት ነበረብኝ። «ሁለት ሳምንት» አልኩ።

«ይሁን። ሐምሌ ስምንት እኔ ራሴ መጥቼ እፈትነዋለሁ፤ አንተ ሳትኖር። አንተ ካለህማ ሁሌም ይሠራል አሉ። ከጠራ፣ እማዬ ትቆያለች፣ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ካልጠራ፣ እኔ ጋ ትሄዳለች። ተስማማን?»

እማዬን የጠየቀ የለም። አልጋዋ ላይ ሆና ግድግዳውን በመዳፏ ቀስ አድርጋ ትዳብሳለች፤ ሰው የታመመ ልጅን እንደሚዳብስ።


እሑድ፣ ሰኔ 27

ዛሬ ቤቱን እንደ ጉምሩክ ፈተሽኩት። ደብተር ይዤ፣ ሶኬት በሶኬት። ማቀዝቀዣ፣ ራዲዮ፣ የራስጌ መብራት፣ ካውያ። ሳሎን ውስጥ ከመብረቅ የሚጠብቅ ማከፋፈያ አገኘሁ፤ ይኼ ዓይነቱ መብረቁን የሚውጠውን ያህል የእኛንም መልእክት ይውጣል። ነቅዬ ወረወርኩት። ኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥ ቻርጀሬ በላስቲክ ተጠቅልሎ በሥርዓት ተቀምጧል፤ ገመድ ተንጠልጥሎ ማየት አትወድም። ያልተሰካ ነገር አይረብሽም፤ አለፍኩት።

«እማዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትሰኪው ነገር አለ?»

«እንደ ምን ያለ?»

«ካውያ። ማሞቂያ። ምንም።»

«በዘጠኝ ሰዓት ምን ይተኮሳል?»

«ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ በዚያ ሰዓት?»

የሹራቧን ቁልፍ ቆለፈች፣ ፈታች።

«እቀመጣለሁ» አለች።

ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ ትቀመጣለች። መቀመጥ መስመር አያውክም።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 1

ማከፋፈያው ከወጣ አራተኛ ቀን። ከዘጠኝ እስከ አስር ተኩል የለም።

ፊውዝ ዝርዝሩን አየው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቃጠል።

«ሽቦ ሰዓት አያውቅም» አለ። «ሰዓት የሚያውቀው ሰው ነው።»

አባባሉን ወደድኩት። ጻፍኩት። ሥራ ላይ የሚውል ግን አይመስለኝም።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 3

አልደወልኩም። አሁን ብደውል «ምን ደረስክበት?» ትለኛለች፤ የምላት የለኝም። ሲስተካከል እደውላለሁ፤ ያኔ የሚወራ ነገር ይኖራል።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 7

ሦስት ቀን! ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ክሊኒኩን ለፊውዝ ትቼ በየቀኑ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነበርኩ። ማቀዝቀዣው ላይ ማጣሪያ፣ ራዲዮው ላይ ማጣሪያ፣ የራስጌ መብራቱን አምፖል በሌላ። መጥሪያውን ራሱን በአዲስ ቀየርኩ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም «የለም» አልተመዘገበም። ከሁሉ የትኛው እንደፈወሰው አላውቅም፤ ድሮም አንድ በሽተኛ አምስት መድኃኒት ከዋጠ ምስጋናውን የሚወስደው አምስተኛው ነው።

እማዬ እንዲህ ስትስቅ ከዓመት ወዲህ አላየኋትም። ሰኞ ዕለት የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ሲል ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ዛሬስ ገላገልከኝ» አለች። ገና የመጀመሪያው ቀን ነው፣ አትቸኩይ አልኳት። ትናንት ደግሞ ካርታ ተጫወትን፤ አጭበረበረችኝ። አባዬ ሽቦውን ሲዘረጋ እሷ ናት አሉ ከታች ሻማ ይዛ የምታበራለት። «እሱ 'ያዝሽ?' ይላል፣ እኔ 'ይዣለሁ' እላለሁ። ሌሊቱን ሙሉ። የሚወራ ሌላ ነገር አልነበረም፤ ግን አልሰለቸኝም።»

ለእትዬ ደወልኩ። «ተፈውሷል» አልኳት።

«ነገ እናያለን» አለች።

ነገ መሄድ አልችልም፤ ውሉ ነው።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 8

እትዬ ደወለች።

«አልጠራም።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ዘጠኝ ተኩል። እኔ ሳሎን፣ እማዬ መኝታ ቤት በሯን ዘግታ። ሦስት ጊዜ ተጫነች። ነርሷ ደወሉን ጭናቸው ላይ ይዘውት ነበር።»

«ሌላ ሰዓት ሞክሪው፤ አስራ አንድ ላይ—»

«ሰው ሰዓት መርጦ ነው እንዴ የሚወድቀው?»

ወሬ ቀየርኩ።

«እሷስ ምን አለች?»

«'ልጄን እንዳትቆጪው፣ ሥራ አለበት' አለች። ቅዳሜ እወስዳታለሁ።»


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 10

ሄዱ። አስር ሰዓት ላይ መኪና መጣ አሉ። እኔ ክሊኒኩ ውስጥ ነበርኩ፤ ፊውዝ ሦስት ቀን ሸፍኖልኛል፣ አራተኛ መጠየቅ ነውር ነው። ደግሞ ስንብት አይደለም፤ እትዬ ቤት በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ነው።

ነርሷ ነግረውኛል፦ ስትወጣ አላለቀሰችም። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ዘበኛውን «በል ደህና ሁን» አለችው አሉ።


ሰኞ፣ ሐምሌ 12

እንግዳ ነገር። ዘበኛውን ማጥፋት ረስቼ ነበርና አሁንም ይልካል። ቅዳሜ ከዘጠኝ ጀምሮ የለም። አስር ተኩል፦ የለም። አስራ ሁለት፦ የለም። ሌሊቱን፣ እሑድን ሙሉ፣ ዛሬንም፦ የለም፣ የለም፣ የለም። ሰው በሌለበት መኝታ ቤት፣ አናጢው በዘጋበት ቀን ጭምር።

ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር። ለመጀመሪያ ጊዜ ችግሩ አልሸሸም። ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 13

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ገባሁ። አስር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ቴስተሩ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ አጉረመረመ፣ መኝታ ቤቱ በር ላይ ጨመረ፣ አልጋው ጋ ስደርስ ጮኸ። ኮመዲኖውን ሳብኩ። ከጀርባው ያለው ሶኬት ላይ ቻርጀሬ ተሰክቷል። ስልኳም ከነገመዱ።

ነቀልኩት፦ «አለሁ»። ሰካሁት፦ የለም። ነቀልኩት፦ «አለሁ»። ዘበኛው በየሴኮንዱ እንዲጠይቅ አድርጌ አስር ጊዜ ያህል ደጋገምኩት፤ አስሩንም ጊዜ ያው ነው። ርካሽ ቻርጀር ነው፣ ውስጡ ማጣሪያ የለውም፣ መስመሩን በጩኸት ይሞላዋል። ለደንበኞቼ ሁሉ ከቤታችሁ አውጥታችሁ ጣሉት የምለው ዓይነት። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውም ከአንድ ደንበኛ ቤት ነቅዬ ያመጣሁት ስለሆነ ነው።

ወዲያው ለእትዬ ደወልኩ።

«አገኘሁት! ቻርጀሩ ነው! ሌላ ምንም የለበትም፣ ቤቱ ደህና ነው። ትመለስ!»

«የምን ቻርጀር?»

«የስልኳ። ስልኳን ረስታው ሄዳለች፣ እንደተሰካ።»

እትዬ እንዲህ አለችኝ፦

«አልረሳችውም። መኪናው ቆሞ ስልክሽን ያዢ ስላት 'ተይው፣ ገና አስር ተኩል አልሆነም' አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። አንተ ታውቃለህ?»

አላውቅም አልኳት። መሥሪያዎቼን ሰብስቤ እደውላለሁ አልኳት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ከአምስት ይላል። ስልኩ መቶ በመቶ ሞልቷል። የገቡ ጥሪዎችን ከፈትኩ። ከእኔ የገባ አንድ ነው፤ ሰኔ 3፣ ሦስት ደቂቃ።